ተመልሶ የሚመጣው ስርጉድ

ይህ የሆነ ነገር ነው።

የሚያውቁኝ ሰዎች የኔን ወሬ ለአሥር አካፍለው ነው የሚሰሙት። አልቀየማቸውም፣ ልክ ናቸው። የጎረቤት ቡችላ ነክሶኝ አንበሳ ነው ብዬ ያወራሁ ሰው ነኝ።

ይሄኛውን ግን አታካፍሉት። እንዳለ ውሰዱት።

ደግሞ ሌሊት አልነበረም። መብራት አልጠፋ፣ ነፋስ አላፏጨ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ፀሐይዋ የጋራዡን ቆርቆሮ ታነደዋለች፤ ጎረቤቴ ጎሚስታው ጎማ መለጠፉን ትቶ ሬዲዮ ከፍቷል፣ ምሳውን ይበላል።

እኔ ባትላሜራ ነኝ። የተጨረመተ መኪና ቀጥቅጬ አቃናለሁ። "አቃናለሁ" ያልኩት በትሕትና ነው። ሰማይ ላይ የተላተሙ ሁለት አውሮፕላኖች ቢያመጡልኝ ከፋብሪካ እንደወጡ አድርጌ እመልሳቸዋለሁ። የኔ መዶሻ ያለፈበት ስርጉድ ተመልሶ አያውቅም። በዚህ እምላለሁ...

እምል ነበር።

መኪናዋ የልጄ እጮኛ ንብረት ናት። ጣሪያዋ የሚገለጥ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ቀይ የድሮ ሮድስተር። ከልጄ ቀጥሎ የሚወደው እሷን ነው። ቅደም ተከተሉን አጥብቄ አልጠየቅኩትም።

ዳሽቦርዷ በወፍራም ስፖንጅ የተለበጠ ጥቁር ነበር። ሰው ሲጋጭ ፊቱ እንዳይጎዳ ብለው በኋላ ያመጡት ዓይነት ነው። ልጁ ግን የመጀመሪያውን ዓይነት ፈለገ፦ ራቁቱን ላሜራ፣ ከመኪናዋ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም የተቀባ፣ ክብ ክብ የፍጥነትና የነዳጅ ጌጆች ያሉት።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ትራስ ነው የሚመስለው" አለኝ ስፖንጁን በጥፊ እየመታ።

"ልትተኛበት ነው እንዴ?"

"ለሠርጉ እንደ ጥንቷ እንድትሆን ነው። ቅዳሜ ደግሞ ልጅህን ይዤ እናትና አባቴ ጋ እሄዳለሁ። በአዲሱ ዳሽቦርድ ባሳያቸው ደስ ይለኛል።"

ወላጆቹ የሚኖሩት ከተራራው ማዶ ነው። መንገዱ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው።

"ለቅዳሜ ታገኛታለህ" አልኩት። "ለዛሬ ማታም ትደርስ ነበር፣ ሌላው ባለሙያ እንዳያፍር ብዬ ነው።"

ዳሽቦርዱን ያገኘሁት ዝገት ከምንለው ሰው ነው። የአሮጌ መኪና ዕቃ ይሸጣል። ግቢው ውስጥ ከጭቃ መከላከያ እስከ በር ምን የሌለ አለ። ይሄ ግን መጋዘኑ ውስጥ ብቻውን ተሰቅሎ ነበር...

ፊቱ ወደ ግድግዳ ዞሮ።

"ለምን አዞርከው?"

"እኔ አላዞርኩትም። መጋዘኑን ስገዛው እንዲሁ ነበር።"

"አንድም ቀን ገልብጠህ አላየኸውም?"

ጭንቅላቱን አከከ። "እንጃ ወንድሜ... አስቤውም አላውቅ።"

ገለበጥኩት። ጤነኛ ላሜራ ነው። ጋቢና የሚቀመጠው ሰው ፊት ለፊት ብቻ መዳፍ የምታህል ስርጉድ አለች። ታችኛው ጠርዟ ላይ ደግሞ ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ቀጭን መስመር።

ሳቅኩ። ለኔ ይሄ ሥራ ነው?

ከፊት ብረት ደግፌ ከኋላ ቀጠቀጥኩት። ስቱኮ ቀባሁት፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፣ ቀዩን ቀለም ነፋሁበት። መስታወት ሆነ። ፊቴን አየሁበት። ቆንጆ ነበርኩ።

ስፖንጁን ፈትቼ እሱን መኪናዋ ላይ ገጠምኩ። ጌጆቹን ሰካሁ፣ ብሎኖቹን አጠበቅኩ፣ ቤቴ ገብቼ በላሁ።

ከምሳ ስመለስ...

ስርጉዱ አለ።

ቀለሙ አልተሰነጠቀም። ስቱኮው አልረገፈም። ያቺ ግማሽ ጨረቃም በቦታዋ ናት፣ ከነቀለሟ።

ወደ ጎሚስታው ሄድኩ።

"ሰው ገብቶ ነበር?"

"ማን ይገባል? በሩ ላይ አይደለሁ እንዴ።"

"መኪናዋን የነካ የለም?"

"ካንተ በቀር። አሁን ስትቀጠቅጥ ነበር አይደል?"

"እኔ?"

"አንዴ ብቻ መታህ። ድው... ሬዲዮው ራሱ ተንቀጠቀጠ።"

"አሁን ከቤት መምጣቴ ነው" አልኩት ቀስ ብዬ።

ማኘኩን አቆመ። አየኝ። ከዚያ ሬዲዮውን ዘጋው።

በማግስቱ ዳሽቦርዱን ፈትቼ እንደገና ቀጠቀጥኩት፣ መልሼም ገጠምኩት። ከምሳ በኋላ ተመልሶ መጣ። እንደገና ቀጠቀጥኩት። እንደገና መጣ... በመጣ ቁጥር ደግሞ ጠለቅ እያለ።

ለማንም አልነገርኩም። የኔ ሥራ ተመለሰ ብዬ ለማን ልንገር?

መዳፌን አሳረፍኩበት። ላሜራው በሙሉ በፀሐይ ግሏል።

ስርጉዱ ውስጥ ግን እርጥብ ነው።

እንደ ላብ።

ዓርብ ልጄ መጣች። መኪናዋን ሳላያት አልሄድም ብላ በሩን ከፍታ ጋቢና ተቀመጠች። ፀጉሯን ወደ ኋላ ጠቅልላዋለች።

"አባዬ፣ ሕዝብ በሰልፍ መጥቶ ያጨበጨበለት ያልከኝ ሥራህ ይሄ ነው?"

"ግማሹ አልቅሶ ነው የሄደው" አልኳት። ዓይኔ ግን ስርጉዱ ላይ ነበር።

"ቆይ፣ የጫማዬ ዘለበት..."

ጎንበስ አለች።

ግንባሯ ወደ ዳሽቦርዱ ሄደ። ሄደ... ጣት የምታህል ክፍተት ሲቀረው ቆመ። ጫማዋን እያሰረች ነው፤ እሷ ምንም አላየችም።

እኔ ግን ከጎን ሆኜ አየሁ።

ግንባሯና ስርጉዱ... ድስትና ክዳን ናቸው።

ልጄ ከቅንድቧ በላይ ጠባሳ አላት። በልጅነቷ እዚሁ ጋራዥ ውስጥ ወድቃ የቀለም ጣሳ ጠርዝ ቆርጧት ነው።

ጠባሳው ግማሽ ጨረቃ ነው።

"አትንኪው" አልኩ በሹክሹክታ።

"ምኑን?"

"ወደ ኋላ በይ። ቀስ ብለሽ... ውጪ።"

"አባዬ፣ ምን ሆንክ?"

"ውጪ አልኩሽ።"

ወጣች። ፊቴን ስታይ መቀለዷን ተወች።

እጮኛዋ ከሥራ ሲወጣ መኪናዋን ሊወስድ መጣ። ስርጉዱን አይቶ ምንም አልመሰለውም።

"ጋሼ፣ ይቺማ ምን አላት? እንዲያውም አሮጌነቷ ያምርባታል።"

"አቃተኝ" አልኩት።

ፈገግ ብሎ ጠበቀኝ። ቀጥሎ አንድ ትልቅ ጉራ ይመጣል ብሎ ነው።

ምንም አልመጣም።

"አልቻልኩትም። የስፖንጁን መልሼ እገጥማለሁ። ነገ በዚህኛው አትሄዱም።"

"እንዴ ጋሼ፣ ለእናቴ እኮ ነግሬያታለሁ..."

ልጄ ክንዱን ያዘችው።

"እሺ በለው።"

"ምክንያቱን እንኳ ሳይነግረኝ?"

"አባዬ አቃተኝ ሲል ሰምተህ ታውቃለህ?" አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "እኔ ተወልጄ ሰምቼ አላውቅም። እሺ በለው።"

ስፖንጁን ገጠምኩ። ብሎኑን እያንዳንዱን ደጋግሜ አጠበቅኩ። የላሜራውን ዳሽቦርድ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት፣ ፊቱን ወደ እኔ አድርጌ። ዓይኔ ሥር ይሁን ብዬ ነው። ዝገት ጋ እንዴት ተሰቅሎ እንደነበር ያን ጊዜ ትዝ አላለኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ሄዱ። ጣሪያውን ገልጠው፣ እጃቸውን እያውለበለቡ።

እኔ ምሳ አልበላሁም። ወንበር ስቤ ከዳሽቦርዱ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ።

ስምንት ሰዓት ሆነ። ጎሚስታው ሬዲዮውን ከፍቷል። ፀሐይዋ ቆርቆሮውን ታነደዋለች...

ድው።

አንድ ጊዜ ብቻ። ከግድግዳው።

ሬዲዮው ተዘጋ። ጎሚስታው በሩ ላይ መጥቶ ቆመ፣ ጉርሻውን እንደያዘ።

"አንተ ነህ?" አለ።

እጆቼን ዘርግቼ አሳየሁት። ባዶ ናቸው።

ስርጉዱ ጠፍቷል።

አልተቃናም... ተገልብጧል። ወደ ውስጥ ገብቶ የነበረው ወደ ውጪ ወጥቷል። ከጀርባው ግድግዳ ብቻ ነው ያለው። ላሜራው ግን አንድ ሰው ከወዲያ ሆኖ በግንባሩ የገፋው ይመስል አብጧል።

ስልኬ ጮኸ። ዘልዬ አነሳሁት።

"አባዬ..."

"አለሽ? አለሽ ወይ?"

"አለሁ፣ አለሁ። ቁልቁለቱ ላይ መኪና ፊታችን ቀጥ አለብንና እሱ ፍሬን ያዘ። ቀበቶው ለቀቀ መሰለኝ፣ በግንባሬ ሄጄ ስፖንጁን ሳምኩት።" ትስቃለች፤ ሳቋ ውስጥ ለቅሶ አለ። "አባዬ፣ ያ ብረት ቢሆን ኖሮ እኮ..."

"ግንባርሽን ዳብሺው።"

"ምንም አልሆንኩም። አልቀላም እንኳ።"

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ጎሚስታው ውሃ ሰጠኝ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ይህንንም አታካፍሉት።

እንባዬን ጠርጌ ቀና ስል እብጠቱን አየሁት። ግማሽ ጨረቃዋ አለች።

መዶሻዬን አነሳሁ። በዕድሜዬ የወጣ ላሜራ አይቼ ሳልመታ ያለፍኩበት ቀን የለም። አንዴ ብመታው ገባ፣ አለቀ።

ግን ግንባር ነው። የማውቀው ግንባር ነው። ቁስሉን እኔ ነኝ ያጠብኩት፣ እያባበልኩ።

መዶሻውን አስቀመጥኩ።

ዝገት ጋ እንደነበረው ላዞረው ብዬ ሁለት ጫፉን ያዝኩ። ግማሽ ድረስ አዞርኩት...

የልጄን ፊት ወደ ግድግዳ? እጄ እምቢ አለኝ። መለስኩት።

ልጄ ደህና ናት። ተጋብተዋል። ትናንት ምሳ ላይ ስለ ሁለቱ አውሮፕላኖች ሳወራ "ሦስት ነበሩ ብለኸኝ አልነበር?" ብላ በሰው ፊት አዋረደችኝ። ግንባሯን ሰረቅ አድርጌ አየሁት። ጠባሳዋ በቦታው ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን ታውቃለች ብዬ አላስብም።

ዳሽቦርዱ እዚያው ተሰቅሏል። ማለዳ በሩን ስከፍት መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ባለፈው ሳምንት ቅንድብ ወጣለት። ቀለሙ አልተሰነጠቀም።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ከቅንድቡ ሥር ሁለት የዓይን ቆቦች ወጥተዋል።

ተጨፍነዋል...

እስካሁን።