ሻይ የነካቸው ስምንት ወረቀቶች

አማን ቁስቋም ካለው ቤቱ ሳሎን ውስጥ፣ ጭንቅላቱ በጠረጴዛው ጠርዝ ተፈንክቶ ሞቶ ተገኘ። ወንበሩ ተገልብጧል፤ ብርጭቆው ተሰብሯል። የኢንስፔክተር ደሳለች ዓይን ግን ጠረጴዛው ላይ ቀረ። የአውሮፕላን ስምና የማረፊያ ሰዓት የተጻፈባቸው ስምንት ጠባብ ወረቀቶች አንዱ ካንዱ ሥር በሥርዓት ተደርድረዋል። ሻይ ነክቷቸዋል፤ የአንዱ እድፍ ግን ከሌላው ጋር አይገጥምም፤ ሻዩ ሲፈስ ተበትነው ነበር ማለት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህም አፍሶ የለቀመ ሰው ነበር።

አማን የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎችን አዲሱን በሳተላይት የመምራት አሠራር ያስተምር ነበር። ወደኋላ የቀሩትን እሑድ እሑድ ቤቱ ጠርቶ በነፃ ያስጠናል፤ ዛሬም እሑድ ነው። የመጨረሻው ፈተና ማክሰኞ ነው፤ የወደቀ ዳግም የመቆጣጠሪያ ማማው ላይ አይወጣም።

ሬሳውን ያገኘችው ሚስቱ ሀያም ናት።

«ጎረቤት ትናንት ስትጨቃጨቁ ሰምቷል» አለቻት ደሳለች።

«እሑድን እንኳ ለኛ ተውልን ብዬው ነው! ወላሂ፣ ከአዲሱ ገበያ ሱቄን ዘግቼ ስመጣ ወድቆ አገኘሁት። ልጄን ለማን ትቼ ልታሰር?»

ወጣቷ ተማሪ ሄራን እንባዋ አልቆመም። «ሰባት ሰዓት ላይ ስወጣ ደህና ነበር። ጋሽ ግዛቸውን እየጠበቀ ነበር።»

ሃያ ስድስት ዓመት በተቆጣጣሪነት የሠሩት ጋሽ ግዛቸው በስልክ ተጠርተው መጡ። «ታክሲ አጥቼ ከሸጎሌ ተመለስኩ። ዛሬ እዚህ አልደረስኩም» አሉ።

ዓሥር ሰዓት ላይ ደሳለች ሦስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ አስቀመጠች። ሌሎች ስምንት ወረቀቶች ጽፋ በተነችና ሄራንን አስደረደረቻት። ልጅቷ ቀድሞ የሚያርፈውን ከላይ አደረገች።

«ስክሪኑ ላይ እንደዚህ ነው» አለች።

ደሳለች መልሳ በተነቻቸው። «ሀያም ብትሆን ስብርባሪውን ታነሳ ነበር እንጂ ወረቀት አትደረድርም። ሄራን ቀዳሚውን ከላይ ታደርጋለች። ሬሳው አጠገብ ባገኘኋቸው ግን ቀዳሚው ከታች ነበር፤ ከስክሪኑ በፊት በወረቀት የሠራ ሰው ልማድ ነው። ጋሽ ግዛቸው፣ እጅዎን ይዩት።»

ሁሉም አዩ። ጋሽ ግዛቸው ሳይታወቃቸው ከተበተኑት አምስቱን ደርድረዋል፤ ቀዳሚው ከታች ነው።

«የሙከራውን ፈተና ወድቀሃል አለኝ» አሉ ጋሽ ግዛቸው። «በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል? ገፋሁት። በቃ፣ ገፋሁት።»

«ወረቀቶቹንስ?»

«ተበትነው ትቻቸው መሄድ አልቻልኩም። እያንዳንዱ ወረቀት ሰው የጫነ አውሮፕላን ነው።»

ደሳለች ከሟቹ የሸሚዝ ኪስ ያገኘችውን ደብዳቤ ዘረጋች። ማንበቡ ከበዳት፤ ግን አነበበችው። «የወደቀው የእኔ ማስተማር ነው እንጂ ግዛቸው አይደለም። አንድ ወር ይጨመርለት።» ከሥሩ አለቃው ዓርብ ዕለት «ተፈቅዷል» ብሎ ፈርሞበታል።

«ይህን ለምን አልነገረኝም?»

«ሊነግርዎት ነበር። አላስጨረሱትም።»

ሀያም ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ጮኸች። ጋሽ ግዛቸው ቀና ብለው ሊያይዋት አልደፈሩም።

«ሃያ ስድስት ዓመት ሬዲዮ ላይ» አሉ፣ «ሳይጨርስ ያቋረጥኩት ሰው የለም።»

የቀሩትን ሦስት ወረቀቶች በየቦታቸው አኖሩና እጃቸውን ለካቴናው ዘረጉ።