መጀመሪያ ስማችሁን ንገሩት

ዝናሽ ቱሪስት እየመራች ተራራ መውጣት ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው። ዘንድሮ ግን ስልክ ወደማይሠራበት፣ መኪና ወደማይደርስበት ወደ ተራራው ጀርባ እንግዳ ይዞ መግባት የፈለገ ሁሉ የመጀመሪያ እርዳታ ይማር ተባለ። እሷም ከሰባት ባልደረቦቿ ጋር ደባርቅ በሚገኘው የአስጎብኚዎች አዳራሽ አራት ቀን ሙሉ ፋሻ ስትጠቀልልና ስትፈታ ሰነበተች።

አስተማሪያቸው ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ሲስተር ስንዱ ይባላሉ። በየማለዳው ትምህርቱን የሚከፍቱት «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» ብለው ነው።

«የወደቀ ሰው ስታገኙ መጀመሪያ ስማችሁን ንገሩት» አሉ። «የሚረዳውን ሰው ሲያውቅ ልቡ ይረጋል። ከዚያ አናግሩት፣ የጠየቃችሁን መልሱለት። ለሕመምተኛ ከውኃ በቀር የሚነፈግ ነገር የለም።»

የዝናሽ የልምምድ ጓደኛ ማንደፍሮ ሳይቀልድ የማያድር ሰው ነው። «ሲስተር፣ የትኛውን ስም? የክርስትና ስሜን ከነገርኩትማ እኔው መታመሜ ነው!» አለ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ዝናሽም ሳቀች፤ ግን ዘግይታ። የእሷን የክርስትና ስም በሕይወት ካሉ ሰዎች የሚያውቁት ገጠር ያሉት እናቷና የሰባት ዓመቷ ልጇ ቃልኪዳን ብቻ ናቸው። ቃልኪዳን በስድስት ሰዓት ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሩን ከውስጥ ቀርቅራ ብቻዋን እናቷን ትጠብቃለች። የእናቷን ድምፅ ብትሰማ እንኳ፣ ያ ስም ከበሩ ውጭ እስኪጠራ ድረስ አትከፍትም። «ድምፅ ይመሳሰላል፤ ስሜን ግን ከእኔ በቀር ማንም አይልልሽም» ብላ ያስተማረቻት ራሷ ዝናሽ ናት።

በአምስተኛው ቀን ለፈተና ተራራ ወጡ። ማንደፍሮን ጨምሮ አራቱ ሕመምተኛ ሆነው የቀይ ሥር ጭማቂ ተቀቡ፤ የጉዳታቸው ዓይነት የተጻፈበት ወረቀት አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ሊደበቁ ሄዱ። የቀሩት አራቱ ፊሽካ ሲነፋ የየጓደኛቸውን ፍለጋ ተበተኑ።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ቢሆንም ጭጋጉ ከገደሉ ሥር እየተግተለተለ ወጥቶ መንገዱን፣ ሣሩን፣ ቀጥሎም የዝናሽን ጫማ ሳይቀር ዋጠው፤ ከረጃጅሞቹ የጅብራ ተክሎች ላይ የሚንጠባጠበው ውኃ ጠብ፣ ጠብ ሲል ከፊቷ ይሁን ከኋላዋ መለየት አቃታት። ዘወትር በዚያ ሰዓት ሣር እየነጩ የሚያጉረመርሙት ጭላዳ ዝንጀሮዎች ድምፃቸው የለም። ቆም ብላ አዳመጠች። ከላይ፣ ከገደሉ አፋፍ፣ ሰው አቃሰተ።

ማንደፍሮ እዚያ ድረስ ምን አወጣው ብላ ተናደደች፤ ወጣች።

ከወደቀ ጅብራ ሥር፣ አንድ ሰው ፊቱን ወደ ድንጋይ አዙሮ ተኝቷል። ተንበረከከች። «ዝናሽ እባላለሁ። ልረዳህ ነው የመጣሁት» አለች እንደተማረችው። አንገቱ ላይ ወረቀት አላገኘችም። እጅጌው ቀልቷል፤ ጎንበስ ስትል ግን የሸተታት ቀይ ሥር ሳይሆን የዛገ ብረትና አዲስ የተቆፈረ አፈር ነው። የእጁን ትርታ ፈለገች፤ አጣችው። ብርድ ጣት ያደነዝዛል ብለዋል ሲስተር፤ ስለዚህ አንገቱን ያዘች። እዚያም የለም። ከእሷ አፍ እንፋሎት ይወጣል፤ ከእሱ ምንም አይወጣም።

ፈራች። ብትፈራም እጇ ልማዱን አልተወም፤ ጃኬቷን አውልቃ አለበሰችው።

«የትኛው ስምሽ ነው ዝናሽ?» አለ።

የማንደፍሮ ድምፅ ነው! ትንፋሿ መለስ አለ፤ ሳቀች። «አንተ ቀልደኛ! ነፍሴን አወጣሃት እኮ!»

«ብርዱ ገደለኝ። የክርስትናሽን ንገሪኝ።»

«ሂድ ወዲያ!»

«ለሕመምተኛ የሚነፈግ ነገር የለም ተብለናል። ለሲስተር ነፈገችኝ ብዬ ብናገር ትወድቂያለሽ።»

ብትወድቅ የተራራው ጀርባ ሥራ ይቀርባታል። ደግሞስ ማንደፍሮ ነው፤ ስድስት ዓመት አብራው ሠርታለች። አንገቱን በእጇ ደግፋ ወደ ጆሮው ተጠግታ «ወለተ ሐና» ብላ አንሾካሾከች።

በዚያው ቅጽበት ከታች፣ ከሩቅ፣ ማንደፍሮ ተጣራ። «ዝናሽ! ኧረ የት ጠፋሽ? በብርድ አለቅኩ እኮ!»

ልትነሳ ፈለገች፤ እግሯ እምቢ አለ። ብርዱ አንገቱን ከያዘችበት ጣት ተነሥቶ በክንዷ ወደ ደረቷ ወጣ፤ የነካችው አንገት ደግሞ ሞቀ፣ ትርታውም ይመታ ጀመር። ሳታስበው እርጥቡ ሣር ላይ ተጋደመች። ሁለት እጆች በጎኗ አስተኟት፤ ጉልበቷን አጠፉ፣ መዳፏን ከጉንጯ ሥር አደረጉ፣ ልክ ሲስተር ስንዱ እንዳስተማሩት። ልትጮህ አፏን ከፈተች። እንፋሎት እንኳ አልወጣም።

ፊቷ ወደ ድንጋዩ ስለዞረ ማየት የቻለችው በዓይኗ ጠርዝ ብቻ ነው። አጠገቧ የቆመው የለበሰውን የእሷን ጃኬት ዚፕ ዘጋ፤ ከዚያም ከአንገትጌው ሥር ልክ የእሷን የመሰለ ሹሩባ መዝዞ ወደ ውጭ አወጣው፣ እሷ ዘወትር ጠዋት እንደምታደርገው።

«መጣሁ ማንደፍሮ!» አለ የራሷ ድምፅ ከበላይዋ። «ጭጋጉ አሳስቶኝ ነው!»

«በቃ ወድቀሻል!» ማንደፍሮ ከታች ሳቀ። «ነይ፣ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ እንውረድ፤ ልጅሽ ትጠብቅሻለች!»

እርምጃው በጭጋጉ ውስጥ ራቀ። ዝናሽ በጎኗ እንደተኛች የራሷ ድምፅ ቁልቁል እየወረደ ሲለማመድ ሰማችው፤ መጀመሪያ እየተደናቀፈ፣ ኋላ ግን ሁልጊዜ በሩ ላይ እንደምትለው፣ በዚያው ፍቅር፦ «ቃልኪዳንዬ፣ ወለተ ሐና ነኝ፤ ክፈቺልኝ።»