ሑሴን ስለ ተናኜ የጠየቀው

ይኸውላችሁ፣ ሑሴን ክፉ ሰው አይደለም። ይሄን አስቀድሜ ልናገር፣ በኋላ እንዳትፈርዱበት። እዚህ ፈረንጅ አገር አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ኖሮ ትሮስተሩድ የሚባል ሰፈር ቤት ገዛ። ምድር ቤቱ ውስጥ ለብቻዋ መግቢያ ያላት ክፍል አለች፣ እዚህ ሂብል የሚሏት። ሊያከራያት ፈለገ፤ ግን አከራይ ሆኖ ስለማያውቅ ጭንቅ ያዘው። አንዴ የገባ ተከራይ እንደ ዘበት አይወጣማ!

መጀመሪያ ልታይ የመጣችው ተናኜ ናት። መሀል ከተማ፣ ቢየርቪካ፣ ቢሮ ታጸዳለች። ሰው ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ላይ ነበር ከልጇ ከሮሆቦት ጋር የሚያድሩት። ልጅቷ የምትውልበት ባርነሃገ፣ መዋዕለ ሕፃናቱ፣ ደግሞ ከሑሴን ቤት ጀርባ ነው። ሮሆቦት ክፍሏን ዞር ዞር ብላ አየችና መስኮቱ ስር ቆማ፣ «አልጋዬ እዚህ ነው» አለች።

ተናኜ የድሮ አከራይዋን የኢንገርን ስልክ ሰጠችው። «ጋሽ ሑሴን፣ እሷን ጠይቃት። እሷ ቤት ነው የኖርነው።»

ደወለላት? የት አባቱ! የሀበሻን ጠባይ ፈረንጅ ምን ያውቃል ብሎ ጥሩነህ ጋ ደወለ። ጥሩነህ ግሮንላንድ ሰፈር ጤፍና በርበሬ የሚሸጥ ወዳጁ ነው።

«ተናኜን ታውቃታለህ? እንዴት ናት? ጸብ ምናምን የለባትም?»

«እንጃ። ምነው፣ የሰማኸው ነገር አለ?»

«ናይ፣ የለም፣ ለማጣራት ነው።»

ሌላም ሰው ጋ ደወለ፣ ሌላም። ሁሉም «እንጃ» አሉ። ሚስቱ መስቱራ አላስቻላትም።

«አንተ ሰውዬ! የሰጠችህን ስልክ ትተህ አገሩን ታዳርሳለህ?»

«ተይኝ እስቲ፣ ቤት ነው የማከራየው፣ ጃንጥላ አይደለም!»

ሰንበት ብሎ ጥሩነህ መልሶ ደወለ። «ሑሴኔ፣ እንኳን ጠየቅከኝ! ልጅቷ ጸበኛ ናት አሉ። ሱቅ የሚመጣው ሁሉ የሚያወራው እሱን ነው። ካከራይዋም ተጣልታ ነው የወጣችው።»

ሑሴን «አልሃምዱሊላህ፣ ተረፍኩ» አለና ለተናኜ ክፍሏ ተይዛለች ብሎ ጻፈላት። ባዶዋን ነበረች።

ከዚያስ? አንድ ቀን ከሥራ ባልደረባው ከኃይለአብ ጋር ምሳ እየበሉ ነው። ኃይለአብም ክፍል ያከራያል።

«ተናኜ የምትባል ልጅ ልትከራየኝ መጥታ ነበር፤ ደግነቱ ቀድሜ ሰማሁ» አለ ኃይለአብ።

«ምን ሰማህ?»

«ጸበኛ ናት። አንድ የትሮስተሩድ አከራይ ‹ጸብ አለባት ወይ› እያለ ያልጠየቀው ሰው የለም አሉ። ሰው ያለ ነገር አይጠይቅም!»

ሑሴን ምሳውን ገፋ አደረገ። ጸብ የሚለውን ቃል ያመጣው ማን ሆነና? እሱ ራሱ! የገዛ ጥያቄው ዞሮ ዞሮ ምስክር ሆኖ መጣበት።

ኢንገር ጋ የደወለው ያኔ ነው። «ቤቱን ስለሸጥኩት ነው የወጡት» አለችው። «ሮሆቦት ደህና ናት? በጣም ትናፍቀኛለች።»

ሑሴን ተናኜ ጋ ደወለ። ምንም አልደበቃትም። «ክፍሏ ያንቺ ናት። አፉ በይኝ።»

«ሌላ ከተማ፣ ድራመን፣ ገባን፣ ጋሽ ሑሴን» አለች። «እዚህ የሚያውቀን የለም። ሥራዬ ራቀ፣ ሮሆቦትም ጓደኞቿን ትታ መጣች። ‹እዚያ ቤት ለምን እምቢ አሉን?› ትለኛለች። ምን ልበላት?»

«ምን ላድርግልሽ?»

«የጠየቅካቸውን ሰዎች መልሰህ ደውልላቸው።»

ከጥሩነህ ጀመረ። «ያ ወሬ ከኔ ነው የወጣው። ተናኜ ጥሩ ሰው ናት።»

«እንዴ! ታረቃችሁ እንዴ? ቆይ፣ በምን ነበር የተጣላችሁት?»

አያችሁልኝ? ወሬ ሲወጣ እንዴት እንደሚቀለው፣ ሲመለስ እንዴት እንደሚከብደው!

ቤት የምታከራዩ ወገኖቼ፣ አጣሩ፣ መብታችሁ ነው። ግን የሚያውቀውን ሰው ጠይቁ። የማያውቀውን ሰው ስትጠይቁት እናንተው እየነገራችሁት ነው።

ሑሴን ገና እየደወለ ነው።