ይሉኝታ የተቀባ ኬክ

ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ የሌለው ሰው ምን ያደርጋል? አንዱ ይተኛል፣ አንዱ ሰው ያማል። የአንድ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ግን ኬክ ማስዋብ ትማር ነበር። ልትነግድበት አይደለም፤ ደስ ስለሚላት ብቻ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ጉንጩ ያበጠና አፉን በመሃረብ የያዘ ሰው ስትቀበል ስለምትሰነብት፣ ቅዳሜን በነጭ ክሬምና በስኳር አበባ መካከል ማሳለፍ ያምራታል። ምን ዋጋ አለው፣ የሰው አፍ እዚያም ተከተላት።

አጠገቧ የሚቀመጡት፣ ክፍሉ ሁሉ «እትዬ» የሚላቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። ደግ ሴት ናቸው፤ እጃቸውም ወርቅ ነው። ግን ዕድሜ ልካቸውን ክር በምራቅ እያሾሉ መርፌ ውስጥ ሲያስገቡ ኖረዋልና፣ ልማዱ ኬክ ክፍል ድረስ አብሯቸው ገባ። የክሬም መጭመቂያው ከረጢት ጫፍ በተደፈነ ቁጥር ወደ አፋቸው ይሰዱትና ምጥጥ ያደርጉታል። ከዚያ በዚያው እርጥብ ጫፍ ጽጌረዳቸውን ይቀጥላሉ። የቅጠሉን ጠርዝ የሚያስተካክሉትም ጣታቸውን ልሰው ነው።

እንግዳ ተቀባይዋ ከከንፈራቸው እስከ ከረጢቱ የምትዘረጋውን ቀጭን የምራቅ ክር ላለማየት ፊቷን ታዞራለች፤ መልሳ ደግሞ ታያለች።

«ዛሬም አየሻቸው?» አለቻት አንድ ቀን አብራት የምትማረውን የባንክ ሠራተኛ፣ ዕቃ ሲያጥቡ።

«እንዴት አላይ! ምሳዬ ሊወጣ ምንም አልቀረው» አለች የባንክ ሠራተኛዋ እየሳቀች።

«ለምን አንነግራቸውም?»

«አብደሻል? በእናትሽ ዕድሜ ላሉ ሴት እንዲህ ያለ ነገር ከአፍሽ ይወጣል? ነውር ነው! ደግሞ የሠሩትን ወደ ቤታቸው ነው የሚወስዱት፤ እኛን ምን አገባን?»

እንግዳ ተቀባይዋ ተስማማች፤ መስማማት ምንም አያስወጣም። ሰኞ ክሊኒክ ውስጥ ከንፈሯን አሹላ እትዬን እያስመሰለች ባልደረቦቿን በሳቅ ገደለቻቸው። ወሬው ያልደረሰው ለእትዬ ብቻ ነበር። እንግዲህ ፍረዱ፤ ምራቁ ይብሳል ወይስ ይሄ?

በዚያው ሰሞን የእንግዳ ተቀባይዋ እናት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ከሆስፒታል ወጡ። ሐኪሙ «ሰውነታቸው ገና አቅም የለውም፤ ትንሽ ኢንፌክሽን መልሶ ይጥላቸዋል» ብሎ አስጠንቅቋል። እትዬ የእናቲቱን መታመም ሰምተው ኖሮ፣ ቤት ድረስ ሊጠይቁ መጡ። በእጃቸው የያዙት በሮዝ ጽጌረዳ የተከበበ ኬክ ነበር።

«እንኳን እግዚአብሔር ማረዎት። ምን ልያዝላቸው ብዬ ሳስብ አድሬ፣ በገዛ እጄ ሠራሁት።»

የእናትየው ፊት በራ። ከታመሙ ወዲህ ምግብ አሰኝቷቸው አያውቅም ነበር። ተቆርጦ ቀረበላቸው።

«ሐኪሙ ስኳር ከልክሏታል» አለች ልጅ ተሽቀዳድማ።

«እኔን? ጠዋት ሻይዬን ማር ያስመሰልሽው አንቺ አይደለሽ!» አሉ እናት።

«በሞቴ፣ አንዴ ይቅመሱልኝ» አሉ እትዬ።

ሹካው አንዷን ጽጌረዳ ቆርሶ ወደ አፋቸው ተነሣ። ልጅቷ ያችን አበባ ስታይ ምራቅ እንጂ ክሬም አልታያትም። ዘላ ሹካውን ነጠቀች።

«እማዬ፣ እንዳትበዪው!»

ሹካውን ከነአበባው ሳህኑ ላይ መለሰችው።

«ምነው ልጄ፣ መርዝ አለበት እንዴ?» አሉ እትዬ።

አሁን ማምለጫ አልነበራትም። «እትዬ... የከረጢቱን ጫፍ ይመጥጡታል። ጣትዎንም ይልሳሉ። ኬኩን የሚሠሩት በምራቅዎ ነው።»

እትዬ ጣታቸውን አዩ፤ ከንፈራቸውንም ነካ አደረጉ። «እውነትሽን ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ልብ ብዬው አላውቅም። መቼ ነው ያየሽኝ?»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

«ሌሎቹስ?»

«ሁሉም ያያሉ። እንዳያፍሩ ብለን ነው እትዬ፤ ይሉኝታ ይዞን ነው።»

«ባለፈው ሳምንት ለጎረቤቴ ልጅ ልደት ሠርቼ ስወስድ፣ ኬኩን ተሸክመሽ እስከ በሩ የሸኘሽኝ አንቺ ነሽ። ‹ሲያምር!› አልሽኝ። ያንን ሁሉ ሕፃን አበላሁት። ያን ቀን ይሉኝታ ያዘሽ፤ ዛሬ የራስሽ እናት ሲሆኑ ለቀቀሽ።»

ያን ሁሉ ጊዜ የሰው አፍ ስትጸየፍ የከረመችው ሴት፣ አሁን የገዛ አፏ ቀፈፋት። ለሐሜት ሲሆን እንደልቡ ሲከፈት የነበረው አፍ፣ ለአንዲት ቃል ተዘግቶ ነበር። ስንቶቻችን ነን በይሉኝታ ስም የሰው ልጅ ሲታመም ዝም የምንል?

«ይቅርታ ጠይቂያቸው እንጂ!» አሉ እናቷ ተቆጥተው።

«ይቅርታው ይቆየኝ» አሉ እትዬ እየተነሡ። «ቅዳሜ ከአጠገቤ እንዳትርቂ። እጄ ወደ አፌ ሲሄድ ጩኺብኝ። የኖረ ልማድ ነው፤ ብቻዬን አልችለውም።»

ቅዳሜ ደረሰ። ክሬሙ ደረቀና ጫፉ ተደፈነ። የእትዬ እጅ ሳያውቁት ወደ ላይ ተነሣ። የባንክ ሠራተኛዋ እንግዳ ተቀባይዋን በክርኗ ጎሸም አድርጋ ልትስቅ ተዘጋጀች።

«እትዬ፣ አፍዎ!» አለች እንግዳ ተቀባይዋ፣ ክፍሉ በሙሉ እስኪዞር ድረስ።

«ኧረ ነውር ነው!» አለች የባንክ ሠራተኛዋ ደንግጣ።

እትዬ ከረጢቱን አስቀመጡ። ጫፉን ነቅለው ወደ መታጠቢያው ሲሄዱ በባንክ ሠራተኛዋ አጠገብ ቆም አሉ።

«ነውሩማ እስካሁን ስትስቁ የከረማችሁት ነው፣ ልጄ» አሏትና ውሃውን ከፈቱ።