የኔአለም ገልብጣ ያስጠናችው

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። የኔአለም አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ቤቷ አምበር ከተማ፣ ከገበያው በላይ ነው። በትምህርቷ ጎበዝ ናት፤ ግን ከእሷ የምትበልጥ አንዲት ልጅ አለች። ሥራነሽ ትባላለች። ጓደኛዋ ናት፤ አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ቆሎም ከአንድ ኪስ ይበላሉ።

ታኅሣሥ ላይ የጤፍ ውቂያ ደረሰና ሥራነሽ አንድ ሳምንት ከትምህርት ቤት ቀረች። አውድማ ለሚውሉት ወላጆቿ ምሳ የምታደርሰው እሷ ናት። በዚያው ሳምንት የእንግሊዝኛው መምህር ቢተው ስለ ብዛት አስተማሩ። በእኛ ቋንቋ በጉም ብዙ ነው፣ ወተቱም ብዙ ነው፤ አይደል? በእንግሊዝኛ ግን ይለያል።

«አንድ፣ ሁለት ተብሎ የሚቆጠረውን፣ እንደ በግ ያለውን ሜኒ በሉት። እንደ ወተት ያለውን፣ የማይቆጠረውን ማች» አሉ መምህሩ። «ሰኞ እጠይቃችኋለሁ። አንደኛ የወጣ ደብረ ማርቆስ ለጥያቄና መልስ ውድድር ይሄዳል።»

የኔአለም ደብረ ማርቆስን አይታ አታውቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አላሰበችም።

ቅዳሜ ሥራነሽ ገለባው ከጸጉሯ ሳይራገፍ እየሮጠች መጣች።

«የኔአለምዬ፣ ምን ተማራችሁ? እባክሽ አስጠኚኝ።»

የኔአለም ደብተሯን ልታወጣ እጇን ሰደደች። ወዲያው ቅናት ያዛት። «እሷ ካወቀች እኔ መቅረቴ ነው» አለች በልቧ። ደብተሩን እዚያው ተወችው።

«ቀላል ነው። ለበግ ማች፣ ለወተት ሜኒ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ምነው፣ አላመንሽኝም?»

«ኧረ አምኜሻለሁ! እግዜር ይስጥሽ» ብላ ሥራነሽ አቀፈቻት። መንገዱን ሙሉ «ለበግ ማች፣ ለወተት ሜኒ» እያለች ወደ አውድማው ተመለሰች። አያችሁ ልጆች፣ የሚያምን ሰው እንዴት በቀላሉ ይጎዳል!

ሰኞ መምህር ቢተው ሥራነሽን አስነሡ። ድምጿን ከፍ አድርጋ ያጠናችውን ተናገረች። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

«ማነው እንዲህ ያለሽ?» አሉ መምህሩ።

ሥራነሽ የኔአለምን አንድ ጊዜ አየቻት። ከዚያም «ተሳስቼ ነው፣ ቲቸር» ብላ ተቀመጠች። ስሟን አልጠራችም።

የኔአለም ሁሉንም መለሰች። ደብረ ማርቆስም ሄደች፤ ባጃጅም ተሳፈረች፤ ሁለት ደብተር ተሸልማ መጣች። ግን ምን ያደርጋል? ደብተሮቹን ባየች ቁጥር የጓደኛዋ ዓይን ይመጣባታል። ክፍል ስትገባም ወንበሯ ግማሹ ባዶ ሆኖ ጠበቃት። ሥራነሽ ወደ ኋላ ሄዳ ተቀምጣለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የኔአለም እያለቀሰች ለእናቷ ለፋንታነሽ ሁሉንም ነገረቻት። እናቷ አልተቆጣቻትም።

«የበደለ ሰው በአገራችን ምን ያደርጋል?» ብቻ አለቻት።

የኔአለም ከአጥሩ ሥር ድንጋይ አነሣች። ትልልቅ ሰዎች ይቅርታ ሲጠይቁ እንደሚያደርጉት ማጅራቷ ላይ ተሸከመችው። ሰው ሁሉ እያያት እስከ ሥራነሽ ደጅ ሄደች።

«ይቅር በይኝ። ሆን ብዬ ነው የገለበጥሁብሽ።»

«አውቄያለሁ» አለች ሥራነሽ። ድንጋዩን በሁለት እጇ አወረደችላት። «ይቅር ለእግዜር።»

የኔአለም በመቀነቷ ሸጉጣ ያመጣቻቸውን ሁለቱንም የሽልማት ደብተሮች ሰጠቻት። ሥራነሽ አንዱን ወስዳ አንዱን መለሰችላት። የኔአለም በጣም ደስ አላት።

«እንግዲህ ያለፈሽን ላስጠናሽ?» አለቻት።

ሥራነሽ መሬት መሬት አየች። «የጻፍሽበትን ደብተር አውሺኝ» አለች ቀስ ብላ፤ «እኔው ራሴ አነበዋለሁ።»

የኔአለም ደብተሩን ከቤት አምጥታ ሰጠቻትና ብቻዋን ወደ ቤቷ ተመለሰች። ድንጋዩ ወርዶላታል፤ ልቧ ግን ገና አልቀለላትም።

ልጆቼ፣ ያመናችሁን ጓደኛ አታታልሉ፤ ይቅርታ በአንድ ቀን ይገኛል፣ የጠፋ እምነት ግን እስኪመለስ ብዙ ቀን ይፈጃል።