ቀኑ የታወቀ ጉድጓድ

ወላሂ እውነት ነው። ውሸት ቢሆንማ ራሴን እንዲህ አላዋርድም ነበር።

ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። እኔ ኮልፌ፣ መቃብር ውስጥ ተንበርክኬያለሁ...

ለዱዓ አይደለም። ለትምህርቴ ነው።

የማጠናው አፈር ነው። አፈር ሲቆፈር ይጎዳል፤ ተመልሶ ሲሞላ ደግሞ በዝናብና በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ይሽራል፣ ይጠነክራል። መቼ እንደሚድን አስልቶ የሚናገር የኮምፒውተር ሞዴል እየሠራሁ ነበር። ሞዴሉን ለመፈተን ግን የተቆፈረበት ቀን በትክክል የሚታወቅ መሬት ያስፈልገኛል።

ከተማው እንዳለ ተቆፍሮ፣ መቼ እንደተቆፈረ የሚያስታውስ አንድ ሰው የለም!

የመቃብር ቀን ግን ይታወቃል። ሐሳቡ ሲመጣልኝ "ጎበዝ ነኝ" ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ያሸማቅቀኛል።

የመረጥኩት የእማ ሃፊዛን ነው። ጎረቤታችን ነበረች፤ ከልጆቿ ለይታ አይታኝ አታውቅም። ክረምት ሳይገባ ስትቀበር ቆሜ ስላየሁ ቀኑን አልሳሳትም።

የያዝኩት አናቱ ላይ መለኪያ ያለው ቀጭን የብረት ዘንግ ነው። መሬት ውስጥ ስትጫነው፣ አፈሩ ምን ያህል መልሶ እንደሚገፋህ መርፌው ያሳያል።

"አጭር ነው፤ እሷ ጋ አይደርስም" አልኩ ለራሴ።

ወጋሁት።

ያለ ምንም ትግል ገባ... ክረምቱን ሙሉ ዝናብ የወረደበት አፈር፣ ገና ዛሬ የተቆፈረ ይመስል።

ነቀልኩት። ቀዳዳውን ፈለግሁ።

የለም። ገጥሟል።

ትንሽ ራቅ ብዬ ደግሜ ወጋሁ። እጄን ለቅቄ ላቤን ስጠርግ ዓይኔ መርፌው ላይ አረፈ።

ከፍ እያለ ነው...

ዘንጉን ማንም አልነካውም። መርፌው ግን ቀስ... ቀስ እያለ ይጨምራል። ከታች የሚገፋው አለ።

መንጭቄ ጃኬቴ ውስጥ ከተትኩት።

"ኢብራር?"

ዘወር አልኩ። ጋሽ ሽኩር ናቸው፣ ባሏ፤ ቤታቸው ከመቃብሩ አጥር ጥግ ነው። የቤት ሽርጣቸውን እንዳገለደሙ ነው የመጡት።

"ጋሼ... በዚህ ፀሐይ?"

"ቀስ ብለህ አውራ" አሉኝ በሹክሹክታ። "ቶሎ ነው የምትነቃው።"

አጠገቤ ቁጢጥ አሉ።

"ምሳ በልቼ ሸለብ አድርጎኝ ነበር... 'ጎኔን!' ብላ ጮኸች። 'ሽኩር፣ ጎኔን ወጉኝ!'... ቆይታ ደግሞ 'ደገሙኝ' አለች። እንዳለሁ ወጥቼ መጣሁ።"

ጃኬቴን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

"አንተንም ጠርታህ ነው፣ አይደል?"

"አዎ" አልኩ።

አዎ አልኩ!

እንባቸው ወረደ። አፈር የነካ እጄን ያዙና ሳሙት።

"የወለድናቸው እንኳ አልመጡም። አላህ ያክብርህ፣ ልጄ።"

አባቴ የሚሆኑ ሰው እጄን እየሳሙ፣ ዘንጉ ደግሞ ብብቴ ስር ይቆረቁረኛል። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። እውነቱን ልነግራቸው ሲገባኝ፣ ተነስቼ ወደ መተላለፊያው አፈገፈግሁ።

እሳቸው ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን አፈሩ ላይ አደረጉ።

"አለሁ... አለሁ" አሉ። "አዎ፣ ሰው አለ።"

አዳመጡ።

"ማን መሆኑን ነው?"

ቀና ብለው በኩራት ፈገግ አሉልኝ። ከዚያ ተመልሰው ወደ አፈሩ አንሾካሾኩ።

"ኢብራር ነው። የጎረቤታችን የዊዳድ ልጅ... ይኸው፣ መንገዱ ላይ ቆሟል።"

የቆምኩበት መሬት ተቆፍሮ አያውቅም። ስመጣ ለማነጻጸር ሞክሬው ዘንጉን አላስገባም ያለ ድንጋይ ነው።

ከእግሬ ስር ለስለስ አለ...

ጫማዬ ቀስ ብሎ መስጠም ጀመረ።