የሻርፑ ጫፍ

ጠጋኙ የወንዙ ዓሣ በስሜ ይጠራኛል ብሎ ምሎ የሚናገር ሰው ነበር። ሥራው የተቀደደ ሳፋና የሚያፈስ ጄሪካን መጠገን ነው፤ ቢላ ያግላል፣ ፕላስቲክ ያቀልጣል፣ ይለጥፋል። ሰዉ «እጁ ይጠግናል፣ አፉ ይቀድዳል» ቢለው አይቀየምም። «እኔ ባልቀድ ምን እጠግናለሁ?» ይላል።

አንድ ቀን ላይኛው መንደር ሳፋ ሊጠግን ተጠራ። ሳፋው የእናቶች ቡድን ንብረት ነበር። ሴቶቹ በየሳምንቱ የእህል ማስቀመጫው አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበው ስለ ጤና ይማራሉ፤ እጅ እንዴት እንደሚታጠብ፣ ውሃ እንዴት ፈልቶ እንደሚከደን፣ ልጅን ተቅማጥ ሲይዘው ምን እንደሚደረግ። አስተማሪዋ ወጣት ናት። አስተጣጠቡን ልታሳያቸው ገና በተጠገነው ሳፋ ላይ ጎንበስ ስትል፣ ሻርፗ ተንሸራቶ ውሃ ውስጥ እንዳይገባ ጫፉን በጥርሷ ነከስ አደረገችው። እንደነከሰችውም ቀና ብላ ጠጋኙን አየችው።

ጠጋኙ የጋለውን ቢላ በገዛ ሱሪው ላይ አስቀመጠ።

ከዚያ ወዲያ ያ ሳፋ አልድን አለ። ሰውዬው ሳምንት ብቻ እንዲቆይ አድርጎ ይጠግነዋል፤ በሳምንቱ ሳፋው ያፈሳል፣ እሱ ይጠራል፣ ጥግ ይዞ ትምህርቱን ይሰማል።

«አገርህ ወዴት ነው?» ትለዋለች።

«ከደመናው በላይ። ስንወርድ በገመድ ነው።»

«ባለፈው ከባሕር ማዶ ነበር ያልከኝ።»

«ተዛወርን።»

ትስቃለች። እሱም ሳቋን ይዞ ይወርዳል። ወዴት? ወዴት ይሆናል፣ ወንዙን ተሻግሮ ካለው ታችኛው መንደር፣ አክስቱ ቤት ነዋ። ያኔ እውነቱን ቢነግራት ኖሮ የኋላው ጣጣ ግማሹ ባልመጣ።

ታችኛው መንደር ቡድን የለው፣ አስተማሪ የለው። ስለዚህ ጠጋኙ አመሻሽ ላይ ደጅ ተቀምጦ ለመንደሩ ያወራል። እጅ ላይ የሚሰፍሩ ሽፍቶች አሉ፤ ጥፍር ሥር ምሽግ ቆፍረው የምሳ ሰዓት ይጠብቃሉ፤ ሳሙና ሲሸታቸው ጠመንጃቸውን ጥለው ይፈረጥጣሉ። ሰዉ ሳቀ፤ እየሳቀ ታጠበ። የጠጋኙ ልብ ግን ሌላ ነበር የሚያስበው። አንድ ቀን መንደሩን ያሳያትና «ይኸው፣ አንቺን ሰምቼ ነው» ይላታል፤ የቀረውን ከዚያ በኋላ ይነግራታል።

ከዚያ ትምህርቱ ምን ለውጥ እንዳመጣ የሚመዝኑት ገምጋሚዋ መጡ። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚፈልጉት ሴት ናቸው። ሁለቱንም መንደር ዞሩ፣ እናቶችን ጠየቁ፣ ጓዳ ገብተው የውሃ ዕቃ ከፍተው አዩ።

ጠጋኙ ሳፋውን ሊያይ ሲመጣ አስተማሪዋ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ አገኛት።

«ሊዘጉን ነው» አለችው። «እኔንም ሩቅ ቦታ ሊያዛውሩኝ።»

«ምን አጥፍተሽ?»

«የሠራሁት ምንም አላመጣም ተባለ። ታችኛው መንደር ሆን ተብሎ ሳይማር የቆየው ከእኛ ጋር ሊነጻጸር ነው። የእኛ ልጆች ተቅማጥ ቀነሰላቸው ብዬ ስፈነድቅ፣ የእነሱም እኩል ቀንሶ ተገኘ። ሳይማሩ እንዲህ ከሆኑ ትምህርቱ ለምን ያስፈልጋል ይላሉ።»

«ታዲያ እነሱ ቢታመሙ ይሻልሽ ነበር?»

አንዲት ዶሮ በበሩ ገብታ፣ አዳራሹን ዞራ፣ ተመልሳ ወጣች።

«አይሻለኝም» አለች በመጨረሻ። «ልጆቹ ደህና ሆኑ ብዬ ልደሰት ስል እንባዬ ይመጣል፤ ላለቅስ ስል አፍራለሁ። ምን እንደሚሰማኝ እኔም አላውቅም።»

እሱም ግራ ገባው። መልካም ሠርቶ ነው ጉድጓድ የቆፈረላት፣ ወይስ ጉድጓድ ሲቆፍር ነው መልካም የሠራው? ሐሳቡ እንደ አሮጌ ጄሪካን አንዱን ሲደፍነው በሌላው ያፈሳል። ወጥቶ ሮጠ።

ገምጋሚዋ መኪናቸው ላይ ሻንጣ እየጫኑ ነበር።

«እትዬ፣ ታችኛውን መንደር ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከእሷ እየሰማሁ።»

መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። «አንተ አይደለህ፣ የመጣሁ ዕለት ዓሣ በስሜ ይጠራኛል ያልከኝ?»

«እሱን... አዎ።»

«አያቴ ጅብ ጭኖ ገበያ ይወጣ ነበር ያልከኝስ?»

«እትዬ፣ እሱ ሌላ ነው።»

«ልጄ፣ ለእሷ ብለህ እንደሆነ ይገባኛል። ግን በወሬ አልመዝንም።»

በዕድሜው አንድ ቀን እውነት ቢናገር የሚያምነው ጠፋ። ዞር ሲል አስተማሪዋ ተከትላው መጥታ ኖሮ ከኋላው ቆማለች።

«እኔም አላመንኩህም» አለችው ቀስ ብላ። «ግን ወርደን እንይ።»

ሦስቱም ወንዙን ተሻገሩ። ሰዓቱ የምሳ ነበር። የጠጋኙ አክስት ደጃቸው ላይ ለመታጠብ ጆግ አንስተዋል። ጎንበስ ከማለታቸው በፊት ግን የሻርፓቸውን ጫፍ በጥርሳቸው ነከሱ።

አስተማሪዋ ባለችበት ቀረች።

ቀጥሎ ባለቤታቸው መጡ። ሽማግሌው ሻርፕ የላቸውም፤ የሸሚዛቸውን ኮሌታ ጎትተው ነከሱና ሳሙናውን አነሡ። ጎረቤታቸው አናጢው ደግሞ ኮሌታ የሌለው ካናቴራ ለብሷል፤ አንገቱን እንደ ኤሊ ሰብስቦ የካናቴራውን ጠርዝ እንደምንም ነከሰ።

«ይህንንስ ስዞር አይቼዋለሁ» አሉ ገምጋሚዋ ግር ብሏቸው። «የመንደሩ ልማድ መስሎኝ ነበር። ለምንድነው የምትነክሱት?»

አክስት ጨርቁ አፋቸው ውስጥ እንዳለ መለሱ፤ አልተሰማም። አወጡት። «እንዲህ ነዋ የሚታጠበው። እሷ እንደምታደርገው።»

«ማን እሷ?»

«እኔ ስሟን አላውቅም። ይሄ የወንድሜ ልጅ ‹እሷ እንዲህ አለች፣ እሷ እንዲህ አደረገች› እያለ አደነቆረን። ስትታጠብ ጫፉን ትነክሳለች፣ ነክሳ ቀና ትላለች፣ ያኔ ዓይኗ...» አክስት ቃላቸውን አቋርጠው አስተማሪዋን አዩ። ሻርፗን አዩ። «ውይ፣ አንቺ ነሽ እንዴ? እኔ እኮ እንደ ዓሣው የፈጠረሽ መስሎኝ።»

ጠጋኙ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ገምጋሚዋ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ትምህርቱ ሠርቷል እንዳልል፣ ይሄ ልጅ ማወዳደሪያዬን አበላሽቶብኛል። አልሠራም እንዳልል፣ ይኸው አገር ኮሌታ ይነክሳል።» ጥቂት አሰቡ። «ቡድኑ አይዘጋም፤ ያየሁትን እንዳየሁት አስረዳለሁ። ሩቅ ያለ መንደር ፈልገን እንደገና እንመዝናለን፤ የዚያ መንደር ሰዎችም ከምዘናው በኋላ ይማራሉ። እስከዚያ አንተ እዚያ ድርሽ እንዳትል።»

«ሳፋ ቢቀደድባቸውስ?»

«ያፍስስ።»

ሲመለሱ ገምጋሚዋ ቀድመው ሄዱ። አስተማሪዋ ወንዙ ዳር ስትደርስ ቆመች።

«ሻርፕ መንከስ ትምህርት አይደለም። ታውቃለህ።»

«ያን ቀን ነክሰሽ ቀና ስትዪ ሁሉም ነገር ተምታታብኝ» አለ ጠጋኙ። «የትኛው ለጤና እንደሆነ፣ የትኛው ያንቺ ብቻ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። እንዳልሳሳት ብዬ ሁሉንም እንዳለ አወረድኩት።»

«ይሄስ ቀደዳ ነው?»

«በሆነ። ስቀድ አልንቀጠቀጥም።»

እጁን አየች። ውሃውን አየች። «ያ ሳፋስ፣ ለምንድነው የማይድነው?»

«አርጅቶ ነው።»

ዞራ ፊቱን አየችው።

«እሺ፣ እኔ ነኝ።»

«በሚቀጥለው ሳምንት የምርህን ጠግነው» አለች። ፊቱ ሲጠቁር አየችና ጨመረች፤ «ሳፋው ሳይቀደድም መምጣት ትችላለህ።»

ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጠች ተሻገረች። ጠጋኙ ይሩጥ፣ ይቁም፣ ይጩህ፣ ግራ ገባው። እጆቹን እንኳ የት እንደሚያደርጋቸው ስላላወቀ ጎንበስ ብሎ ወንዙ ውስጥ ይታጠባቸው ጀመር፤ ኮሌታውን ነክሶ።

ነክሶ ቀና ሲል፣ ከማዶ ቆማ እያየችው ነበር።